ታጥቦም የሚሸት እግር

ደሴ ውስጥ ጫማ ሳያወልቁ የሚገባበት ቤት ብዙ የለም። መጅሊስ የተነጠፈበት ቤት ከሆነ በሩ ላይ ጫማ ተደርድሮ ታገኛላችሁ። መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም ያው ነው። ዱዓ፣ ለቅሶ፣ የጎረቤት ቡና፣ ሁሉም ጋ መግቢያው ላይ ጎንበስ ብሎ ማሰሪያ መፍታት አለ። እግሩ ለማይሸት ሰው ይሄ ምንም አይደለም። እግሩ የሚሸት ሰው ግን የት እንደሚሄድና የት እንደሚቀር የሚወስነው እዚያች በር ላይ ነው። «አልገባም፣ ቸኩያለሁ» የሚል ሰው ሁሉ የቸኮለ እንዳይመስላችሁ።

እኔም «ቸኩያለሁ» ከሚሉት ነበርኩ። የእግሬ ላብ የጀመረው በልጅነቴ ነው፣ ጉርምስና ላይ ባሰ። ሲሚንቶ ወለል ላይ በባዶ እግሬ ስሄድ ዱካዬ ረጥቦ ይቀራል። ነጠላ ጫማ ሳደርግ እግሬ እየተንሸራተተ ቁልቁለት መውረድ ይቸግረኛል፣ ደሴ ደግሞ ሁሉ ነገሯ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ክረምት ላይ የረጠበው ካልሲ ይቀዘቅዝና ጣቶቼ ይደነዝዛሉ። ሽታውማ አይነሳ። ጓደኞቼ ቤት ሲመጡ እናቴ ቀድማ እጣን ታጨስ ነበር። ለእንግዳ ክብር ይመስለኝ ነበር። እውነቱን እየሳቀች የነገረችኝ እህቴ ናት።

ዛሬም እግሬ ያልበዋል። ሽታው ግን የለም ማለት ይቻላል። እዚህ ያደረሰኝን እንዲሁም ምንም ያልፈየደልኝን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ስለ አባቴ። አባቴ ሰኞ ገበያ እህል ይነግድ ነበር። እግሩ ልክ እንደኔ ያልበዋል፣ መዳፉም ጭምር። ብር ሲቆጥር ብሩ ይረጥባል። ሆኖም አንድም ሰው እግሩ ሸተተ ሲል ሰምቼ አላውቅም። ዕድሜውን ሙሉ ያደረገው በረባሶ ነዋ! ከጎማ የተሠራ፣ ከላይ ክፍት፣ ንፋስ እንደልቡ የሚገባና የሚወጣበት። እኔ ያንኑ እግር ወርሼ ሸራ ጫማና ቡትስ ውስጥ ዘጋሁበት። አንድ ዓይነት እግር፣ አንድ ዓይነት ላብ፤ ልዩነቱ ጫማው ብቻ ነው።

ላብና ሽታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በሁለቱ እግሮቻችን ላይ 250,000 ያህል የላብ ዕጢዎች አሉ። ከነሱ የሚወጣው ላብ በአብዛኛው ውሃና ጨው ነው፣ ብቻውን አይሸትም። የሚያሸተው ቆዳችን ላይ የሚኖረው ባክቴሪያ ነው። ባክቴሪያ ሙቀት፣ እርጥበትና ጨለማ ሲያገኝ ይራባል። የሞተ ቆዳ ይበላል፣ ላብ ውስጥ ያሉትን ነገሮች ይሰባብራል። ከዚህ ሥራው አይሶቫለሪክ አሲድ የሚባል ነገር ይወጣል። ያ የምታውቁት ሽታ በብዛት እሱ ነው። ከእነዚህ ባክቴሪያዎች አንዱ ብሬቪባክቴሪየም ይባላል። የዚሁ ዘር ዘመዶች አንዳንድ የፈረንጅ አይብ ለማዘጋጀት ያገለግላሉ። ስለዚህ «እግርህ አይብ አይብ ይላል» ያለኝ ልጅ በሳይንሱ በኩል አልተሳሳተም።

ይሄን ማወቅ የሚጠቅመው ለክርክር አይደለም። ሁለት መንገድ ስለሚያሳይ ነው። አንዱ ላቡን መቀነስ። ሁለተኛው ላቡ ቢኖርም ባክቴሪያው የሚመቸውን ቦታ ማሳጣት። ላቡን መቀነስ አንዳንዴ ይከብዳል። ሁለተኛውን ማንም ሰው ቤቱ ሆኖ ዛሬ ማታ መጀመር ይችላል።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። እግሩ የሚሸት ሰው ቆሻሻ ነው ይባላል። «ታጠብ እንጂ!» የሚል ምክር ስንት ሰው ሰጥቶኛል! እኔ ለሶላት በቀን አምስት ጊዜ ውዱእ የማደርግ ሰው ነኝ። እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ በቀን አምስት ጊዜ ይታጠባል። ከተማው ውስጥ ከኔ በላይ እግሩን የሚያጥብ ስንት ሰው አለ? ችግሩ ከታጠበ በኋላ የሚሆነው ነው። መስጊድ ውስጥ ሰው ይቸኩላል። ሶላቱ ሊጀመር ነው የሚለው ጥሪ፣ ኢቃም፣ ተብሏል፣ ሰፉ ተሰልፏል። እግር እየተንጠባጠበ ሶላት ይገባል፣ ከዚያ ጣት መሀሉ ሳይደርቅ ካልሲ ይጠለቃል። ያ ውሃ ጫማ ውስጥ ይታፈንና ከላቡ ጋር ተደምሮ እግሩን ቀኑን ሙሉ ይዘፈዝፈዋል። ቆዳው ይነጣል፣ ይላላል፣ ባክቴሪያውም ፈንገሱም ሰርግና ምላሽ ይሆንለታል።

ይሄን የነገረኝ የቆዳ ሐኪም ነው። «መታጠብህን አትቀንስ፣ ማድረቅህን ጨምር» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ኪሴ ውስጥ ትንሽ የጥጥ ፎጣ ትውላለች። የእጅ መሐረብ የሚያህል። ውዱእ ካደረግሁ በኋላ እያንዳንዱን ጣት መሀል እጠርጋለሁ፣ በተለይ የትንሿን ጣትና የጎረቤቷን መሀል። እሷ ጋ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ውሃ አይወጣም፣ ፈንገስም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነው። ፎጣዋን በየቀኑ አጥባታለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሰው እያየ ይስቅ ነበር። አንድ ሸኽ ግን አይተው «አብሽር፣ ጥሩ አድርገሃል» አሉኝ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ ማን ይስቃል!

የምሠራው ኮምቦልቻ ነው፣ የምኖረው ደሴ። ይህን መንገድ የሚያውቅ ሰው ለእግር ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ። በመሀል ያለው ወደ 25 ኪሎ ሜትር መንገድ ነው። ጠዋት ከጦሳ ተራራ ሥር ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ወፍራም ካልሲ ታደርጋላችሁ። ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዘ ሲወርድ መስኮቱ ተዘግቶ ሰው በሰው ላይ ተጨናንቆ ይሞቃል። ኮምቦልቻ ስትደርሱ ፀሐይ ወጥታለች። የደሴ ካልሲያችሁ የኮምቦልቻን ሙቀት ሊውል ነው። ከዚያ ላይ የፋብሪካ ሴፍቲ ቡትስ ጨምሩበት፣ ከፊቱ ብረት ያለው፣ ንፋስ የማያስገባ።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ። ከደሴ የምወርደው በአንድ ካልሲ ነው፣ ሥራ ቦታ ስደርስ አወልቀዋለሁ። እግሬን አናፍሼ፣ አድርቄ፣ ሌላ ካልሲ አድርጌ ቡትሱን እገባበታለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ቡትሱን አውልቄ በሰንደል ጫማ እወጣለሁ። ከምሳ መልስ ሦስተኛ ካልሲ። እርጥቦቹን የማስቀምጥባት ፌስታል አለችኝ፣ ማታ ቤት ስደርስ ወዲያው ትራገፋለች። እዚያው ውስጥ ያደረ ካልሲ ቢታጠብም ሽታው ቶሎ አይለቅም። ብዙ ካልሲ መግዛት ወጪ ይመስላል፣ እውነት ነው ወጪ ነው። ግን በላብ በስብሶ ከሚጣል አንድ ጫማ ይረክሳል።

ስለ ካልሲው ዓይነት ሰው የተለያየ ነገር ይላል። ናይሎኑ ስስ ካልሲ ለኔ የከፋው ነው፣ ላቡን አይመጥጥም፣ እግር ላይ ይለጠፋል። ጥጥ ጥሩ ነው፣ ላብ ይመጥጣል፣ ግን የመጠጠውን ይዞ ስለሚቆይ ካልተቀየረ ጥቅም የለውም። ሱፍ የተቀላቀለበት ካገኛችሁ ለደሴ ክረምት ከሁሉም ይሻላል፣ ረጥቦም ቢሆን ይሞቃል። ስታጥቡት ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጡት። ሽታው ያለው በውስጥ በኩል ነው፣ የሞተው ቆዳም እዚያው ነው የተጣበቀው። ሙቅ ውሃ ከተቻለ ይመረጣል፣ በቀዝቃዛ ውሃ የታጠበ ካልሲ ላይ ብዙ ባክቴሪያ ሊተርፍ ይችላል።

ጫማው ላይ ጠንከር ልበል፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው እግሩን አክሞ ጫማውን ይረሳል። ሽታው ጫማ ውስጥ ይኖራል። የተሻለውን እግር በድሮው ጫማ ውስጥ መልሳችሁ ከከተታችሁት በሳምንቱ እዚያው ናችሁ። በላብ የረጠበ ጫማ በአንድ ሌሊት አይደርቅም። ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ጫማ በተከታታይ ሁለት ቀን አይደረግም። ሁለት ጫማ ማፈራረቅ ግድ ነው። ሁለቱም ውድ መሆን የለባቸውም።

ክረምት ላይ ደሴ ፀሐይ አታሳይም። ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ቤት ደጃፍ ይተኛል። ጫማ ደጅ ላይ አሰጥቶ ማድረቅ ዘበት ነው። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ማታ ውስጠኛውን ሶል አወጣዋለሁ፣ ለብቻው ይቁም። ማሰሪያውን አላልቼ ምላሱን ወደ ውጭ እጎትተዋለሁ። ውስጡ ጋዜጣ ጨምድጄ እጠቀጥቃለሁ፣ ከመተኛቴ በፊት በደረቅ እቀይረዋለሁ። ቡና ተፈልቶ ካበቃ በኋላ ምድጃው ላይ የቀረው ከሰል ሙቀት አለው፤ ከዚያ ራቅ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ራቅ ያልኩት በምክንያት ነው። እሳት አጠገብ የተቀመጠ ቆዳ ይሰነጠቃል፣ ሙጫውም ይለቃል። ቤኪንግ ሶዳ ማታ ነስንሶ ጠዋት ማራገፍም ሽታውን ይቀንሳል፣ ላቡ ላይ ግን ምንም አያደርግም። የሚወጣ ሶል ካለ አልፎ አልፎ በአዲስ ቀይሩት።

ሰልባጅ ጫማ የምትወዱ ብዙ ናችሁ፣ እኔም እወዳለሁ። ነገር ግን የሰው ላብ የጠጣ ሶል ይዞ ነው የሚመጣው። ሶሉን ጣሉት፣ ውስጡን በሳሙና እሹት፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ አድርጉት። ኮንጎ ጫማ ለዝናብና ለጭቃ ነው፣ ቀኑን ሙሉ በካልሲ የሚዋልበት አይደለም። ባይሆን ቆዳ ይሁን። የቆዳ ፋብሪካ ባለባት ኮምቦልቻ ተቀምጠን ላስቲክ ጫማ ማሳደዳችን ሁሌም ያስቀኛል። ዋጋው ነው መቼም።

«ታዲያ ባዶ እግርህን ለምን አትሄድም?» ያለኝም አለ። ቤት ውስጥ አዎ፣ በደንብ ነው የሚጠቅመው። ውጭ ግን አይሆንም። በአገራችን ደጋማ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ባዶ እግር መሄድ እግር የሚያሳብጠውን በሽታ እንደሚያመጣ የታወቀ ነገር ነው። ክፍት ጫማ ግን እሰየው፣ አባቴ ይመስክር።

አሁን ላቡን ወደሚቀንሱት ነገሮች እንሂድ።

ሸብ የታወቀ ነው። ቅመማ ቅመም የሚሸጡት ጋ ይገኛል፣ እንደ በረዶ ነጣ ያለ ድንጋይ። ውስጡ ያለው የአሉሚኒየም ጨው ነው። አሉሚኒየም የላቡን ቀዳዳ ያጠብበዋል፣ ባክቴሪያውንም ያዳክማል። ማታ እግሬን አጥቤ፣ ሸቡን ውሃ ነካ አድርጌ ውስጥ እግሬን አሸዋለሁ፣ ይደርቃል፣ ተኛሁ። ርካሽ ነው፣ ሽታውን ቀንሶልኛል፣ ላቡን ግን ጥቂት ብቻ። የተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ከነካ ግን ያንገበግባል፣ አትድረሱበት።

የሻይ ቅጠል ከሸብ በላይ ሠርቶልኛል። ሻይ ውስጥ ያለው ታኒን ቆዳውን ያጠነክረዋል፣ ላቡም ለጊዜው ይቀንሳል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጥቁር ሻይ ቅጠል ግማሽ ሊትር ውሃ ውስጥ 15 ደቂቃ ያህል አፍሉ። አጥልሉትና ሳፋ ውስጥ ሁለት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩበት። እግራችሁን 20 ወይም 30 ደቂቃ ንከሩት። ከዚያ ማድረቅ። ለተወሰኑ ቀናት ማታ ማታ ከተሠራ ልዩነቱ ይታያል። ቆዳውን ትንሽ ያጠይመዋል፣ ነጭ ካልሲ ካላችሁም ያበላሸዋል። እናቴ መጀመሪያ ሳፋውን ስታይ «ሻይ በእግር ይጠጣል እንዴ?» አለች። አሁን እሷ ናት የምታፈላልኝ።

ከሁሉም የበለጠው ግን አሉሚኒየም ክሎራይድ ነው። ፋርማሲ ጠይቁ፣ 20 በመቶው ለእግር ይመከራል። ካጣችሁት ደግሞ ከኛ ከወሎ ሰው ውስጥ ሪያድ ወይም ዱባይ ዘመድ የሌለው ማን አለ? የኔን የላከችልኝ የአክስቴ ልጅ ናት። አጠቃቀሙ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጠዋት ጫማ ከማድረግ በፊት ቀብቶ መውጣት ዋጋ የለውም፣ ላቡ ያጥበዋል። ማታ ነው የሚቀባው፣ ተኝተን ላቡ በሚያርፍበት ሰዓት። እግሩ ሙሉ በሙሉ መድረቅ አለበት፣ እርጥብ ቆዳ ላይ ከተቀባ ያቃጥላል። ጠዋት ይታጠባል። መጀመሪያ በየማታው፣ ላቡ ሲቀንስ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ። የውስጥ እግር ቆዳ ወፍራም ስለሆነ ከብብት ይልቅ ጊዜ ይወስዳል፣ ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። ካሳከከ ወይም ከቀላ ጥቂት ቀን ማረፍ ነው።

እሱን ማግኘት ካልተቻለ ቡቲክ የሚሸጠው የብብት ሮልኦንም ለእግር ይሆናል። ብቻ ጀርባው ላይ ከተጻፉት ውስጥ አሉሚኒየም የሚል መኖሩን አረጋግጡ። አሉሚኒየም የሌለው ሽቶ ብቻ ነው። ሽቶ የእግር ሽታን አያጠፋም፣ ሦስተኛ ሽታ ይፈጥራል።

እነዚህ ሁሉ ካልሠሩ ሐኪም ዘንድ ሌሎች ሕክምናዎች አሉ። እግርን ውሃ ውስጥ አድርጎ ደካማ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳልፍ መሣሪያ አለ፣ አዮንቶፎሬሲስ ይሉታል። ነፍሰ ጡር ለሆነችና ልባቸው ላይ መሣሪያ ለተገጠመላቸው አይሆንም። የቦቶክስ መርፌም አለ፣ ለወራት ላቡን ያቆማል፣ ውስጥ እግር ላይ ሲወጋ ግን ያማል፣ ዋጋውም ከባድ ነው። ኦክሲቡቲኒን የሚባል ክኒን የመላ ሰውነትን ላብ ይቀንሳል፣ አፍ ያደርቃል፣ ሽንት ሊያስቸግር ይችላል። እኔ እዚህ ደረጃ አልደረስኩም።

ሐኪም ዘንድ የወሰደኝ ግን ላቡ አልነበረም። ውስጥ እግሬ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች አየሁ። ተረከዜና ከጣቶቼ ሥር ያለው ቦታ በመርፌ የተጠቀጠቀ ይመስል ነበር። ሲረጥብ ነጥቶ ይበልጥ ይታያል። ሽታውም ያኔ የከፋ ነበር። ፈንገስ ነው ብለው ቅባት የሰጡኝ ነበሩ፣ ምንም አላመጣም። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ለቆዳ ሕክምና ስሙ የታወቀ ነው፣ ከደሴ ወጣ ብሎ ቅርብ ነው፣ እዚያ ሄድኩ። ሐኪሙ ካልሲዬን እንዳወለቅሁ አይቶ አወቀው። ፒትድ ኬራቶላይሲስ ይባላል። ባክቴሪያው ቆዳውን ራሱን እየበላ የሚቦረቡርበት ነው። ቀኑን ሙሉ ቡትስ በሚያደርጉ ሰዎች ላይ ይበዛል፣ ወታደሮች፣ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ ገበሬዎች። መድኃኒቱ የባክቴሪያ ነው። ለኔ ክሊንዳማይሲን የሚቀባ ሎሽን አዘዘልኝ። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድም ለዚህ ይታዘዛል፣ ያው ለብጉር የሚሆነው፤ ጨርቅ ላይ ከነካ ቀለሙን ያስለቅቃል። ቀዳዳዎቹ ቀስ በቀስ ጠፉ። ሽታው ከቀዳዳዎቹም በፊት ነው የጠፋው።

ፈንገስ ሌላ ነው። ጣት መሀል ይነጣል፣ ይላጣል፣ ያሳክካል፣ አንዳንዴ ይሰነጠቃል። ለሱ ክሎትሪማዞል ወይም ተርቢናፊን አለ። ከዳነ በኋላም የተባለው ቀን እስኪሞላ መቀባት ያስፈልጋል፣ ማሳከኩ ስለቆመ ፈንገሱ ሞቷል ማለት አይደለም። አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ልናገር። ለማሳከክ ተብሎ በየቤቱ የሚገኝ ቤታሜታዞን ያለበት ቅባት አለ። ፈንገስ ላይ ብቻውን ከተቀባ ማሳከኩን ያስታግስና ፈንገሱን ያስፋፋዋል። ጎረቤት የሰጣችሁን ቱቦ ስሙን ሳታነቡ አትቀቡ።

ሐኪሙ ከጠየቀኝ ነገሮች ውስጥ በአእምሮዬ የቀሩት እነዚህ ናቸው። ከልጅነት ነው ወይስ አሁን ነው የጀመረህ? ሁለቱም እግር ነው ወይስ አንዱ? ስትተኛ ይቆማል? ቤተሰብ ውስጥ አለ? እንደኔ ከልጅነት የጀመረ፣ ሁለቱም እግር ላይ ያለ፣ እንቅልፍ ላይ የሚቆምና ከአባት የመጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሌላ በሽታ ከኋላው የለም። በድንገት የጀመረ፣ ሌሊት አንሶላ የሚያረጥብ፣ ክብደት መቀነስ ወይም የልብ ምት መፍጠን የተከተለው ላብ ግን በሻይ ቅጠል አይታከምም። ቲቢ፣ የእንቅርት ዕጢ፣ ስኳር፣ የሚወሰድ መድኃኒት፣ ሁሉም ሊሆን ይችላል። መመርመር ነው። ስኳር ያለባችሁ ደግሞ እግራችሁን ሙቅ ውሃ ውስጥ አትንከሩ፣ ሙቀቱ ሳይሰማችሁ ያቃጥላችኋል። ትንሽ ስንጥቅም ብትሆን ለሐኪም አሳዩ።

ጭንቀትም አለበት። የእጅ መዳፍና የውስጥ እግር ላብ ከሙቀት ይልቅ ለድንጋጤና ለሐሳብ ይነሳል። ሰው ቤት ጫማ ላወልቅ ነው ብዬ ስጨነቅ በዚያው ያልበኛል። ሽታው ከቀነሰ በኋላ ጭንቀቱ ሲሄድ ላቡ ራሱ ቀነሰልኝ። ጫትም ለኔ ላብ ይጨምራል፤ መጅሊስ ላይ ጫማ አውልቄ ተቀምጬ ሳየው ነው ያወቅሁት። ለሁሉም ሰው እንደዛ ላይሆን ይችላል።

በረኪና እግር ላይ የሚያፈሱ አሉ። አይሆንም፣ ቆዳ ይልጣል። ፐርማንጋኔት የሚባለው ውሃ ውስጥ የሚሟሟ መድኃኒት በሐኪም ከታዘዘ ጥሩ ነው፣ ግን ውሃው ፈዘዝ ያለ ሮዝ ብቻ መሆን አለበት። ደማቅ ሐምራዊ ከሆነ ያቃጥላል፣ ጥፍርም ያጠቁራል። ሎሚም ቢሆን የተላጠ ቆዳ ላይ ከማሳመም ውጪ ጥቅሙ አልታየኝም።

የመጨረሻው ነገር ከኔ ይልቅ አብረውኝ ለሚኖሩት ነው። ዶርም ውስጥ ወይም ተከራይታችሁ አንድ ክፍል ስትኖሩ እግሩ የሚሸት ጓደኛ ካለ፣ ሰው ፊት አፍንጫ መያዝና ጫማውን ደጅ መወርወር አይጠቅምም። ያውቀዋል። ከናንተ በፊት ያውቀዋል። ለኔ የጠቀመኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ሚኒባስ ስንጠብቅ ለብቻችን ሆነን «ወንድሜ፣ የኔም እንዲህ ነበር፣ የቆዳ ሐኪም አሳይ» አለኝ። ሌላ ምንም አልጨመረም፣ ስለ ኳስ ማውራት ጀመረ። እንዲህ አድርጋችሁ ንገሩት። መስኮቱን ማታ ማታ ገርበብ አድርጉለት፣ ጫማ የሚያናፍስበት ቦታ ስጡት። ሳፋውንም አትከልክሉት።